ከፊት የሄደው ማጀቢያ

ለፊልም የሚሠራን ሙዚቃ በአማርኛ «ማጀቢያ» እንለዋለን። አጃቢ ከኋላ ይከተላል፤ ጌታው ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል። አብዛኛው የፊልም ሙዚቃም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ፊልሙ ተቀርጾና ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ የሙዚቃው ደራሲ ይጠራል። ምስሉን እያየ፣ ደቂቃና ሴኮንድ እየቆጠረ፣ እዚህ ጋ ሐዘን፣ እዚያ ጋ ፍርሃት እያለ ዜማውን ይሰፋል።

ጣሊያናዊው ኤንዮ ሞሪኮኔ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ከደረሳቸው ከ400 በላይ ሥራዎች አብዛኞቹን የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስሙን ሕያው ያደረጉት ግን አጃቢው ከፊት ቀድሞ የሄደባቸው፣ ምስሉ ያልተናገረውን ሙዚቃው የተናገረባቸው ፊልሞች ናቸው። የሙዚቃ ትምህርት የሌለው ተመልካችም ይህን በራሱ ጆሮ ሊለየው ይችላል።

ሞሪኮኔ የተወለደው በ1928 ሮም ውስጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ማርዮ ትራምፔት ነፊ ነበር፤ ልጁም ያንኑ መሣሪያ ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ገና ልጅ ሳለ በአባቱ ቦታ እየተተካ ለወታደሮች ይጫወት ነበር፤ አንዳንዴ ክፍያው ምግብ ነበር። በሮም የሳንታ ቼቺልያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ጎፍሬዶ ፔትራሲ ሥር ተምሮ በ1954 በድርሰት ተመረቀ። ምኞቱ ለኮንሰርት አዳራሽ መጻፍ ነበር። ኑሮ ግን ወደ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ወሰደውና የዘፋኞችን ዜማ ያቀናብር ጀመር። ይህን የዘፈን ቅንብር ዘመኑን ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ። እኔ ግን ትልቁን ትምህርት ያገኘው እዚያ ይመስለኛል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የአድማጭን ጆሮ የሚይዝ ድምፅ መፈለግን የተማረው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን ሰርጂዮ ሊዮኔ የተባለ ዳይሬክተር ቤቱ መጣ። ሞሪኮኔ ፊቱን ሲያይ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አብረው ተምረው ነበር። በ1964 «ለአንድ እፍኝ ዶላር» የተባለውን የካውቦይ ፊልም አብረው ሠሩ። ጣሊያኖች የሠሩትን የካውቦይ ፊልም ማን ያያል ተብሎ ስለተሠጋ ለሁለቱም በፊልሙ ላይ የአሜሪካ ስም ወጣላቸው፤ ሊዮኔ ቦብ ሮበርትሰን፣ ሞሪኮኔ ደግሞ ዳን ሳቪዮ ተባሉ።

በጀቱ ትንሽ ነበር። የሆሊውድ የካውቦይ ፊልሞች በትልቅ ኦርኬስትራ ሜዳውንና ተራራውን ሲያወድሱ፣ ሞሪኮኔ ፉጨት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የጅራፍ ጩኸት፣ ደወልና የመዶሻ ምት አመጣ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአሜሪካ የሕዝብ ዘፈን ሲያቀናብር እነዚህን ድምፆች ሞክሯቸው ነበር፤ ሊዮኔም ያን ሲሰማ እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ አለ። ፉጨቱንም ጊታሩንም የተጫወተው አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ነው። እስቲ አስቡት፦ ጅራፍና መዶሻ የሜዳና የመንደር ድምፆች ናቸው፤ ፉጨት ደግሞ ብቻውን መንገድ የሚሄድ ሰው ድምፅ ነው። ተመልካቹ የፊልሙ ባለታሪክ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ብቸኛ መሆኑን በጆሮው ያውቃል።

በ1966 የወጣው «ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው» ይህንኑ ይበልጥ አራቀቀው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ የሚያውቃት ያቺ ዜማ ከዱር አውሬ ጩኸት የተቀዳች ናት፤ ዋና ሐሳቧ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ጥሩው ሲመጣ በፍሉት ትሰማለች፣ መጥፎው ሲመጣ ከሸክላ በሚሠራው ኦካሪና በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ፣ አስቀያሚው ሲመጣ ደግሞ በሰው ጉሮሮ። ዜማዋ ለሦስቱም አንድ ናት። ሦስቱ ሰዎች በስም ይለያዩ እንጂ የወርቅ ረሃባቸው አንድ መሆኑን ከማንም ንግግር በላይ የምትነግረን እሷ ናት።

በመካከሉ በ1965 የወጣውን «ለጥቂት ተጨማሪ ዶላር» ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የፊልም ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በፊልም ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለ። አንዱን ገጸ ባሕርያቱ ይሰሙታል፤ ሬዲዮ ሲከፈት ወይም ሰው ሲዘፍን ማለት ነው። ሌላውን የምንሰማው እኛ ተመልካቾች ብቻ ነን። በዚህ ፊልም ወንበዴው ሲከፈት ዜማ የሚያሰማ የኪስ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ይከፍታል፤ ዜማው ሲያልቅ ተኩስ ይጀመራል። የሰዓቱ ደቃቅ ዜማ ገጸ ባሕርያቱ የሚሰሙት ነው። በላዩ ላይ ጊታር፣ ከዚያም ሙሉ ኦርኬስትራ ሲገባ ግን ድምፁ ከሰዓቱ ወጥቶ የእኛ ይሆናል። በሰውዬው ኪስ ውስጥ የነበረው ዜማ አደባባዩን ሁሉ ሞላው ማለት ነው።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን በ1968 የወጣውን «በአንድ ወቅት በምዕራብ» ነው። እዚህ ማጀቢያው በእርግጥም ከፊት ሄዷል። ዋና ዋናዎቹ ዜማዎች ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ተደርሰው ተቀድተው ነበር፤ ሊዮኔም በቀረጻው ቦታ በድምፅ ማጉያ ያስከፍታቸው ነበር። ተዋንያኑ የተራመዱት፣ ካሜራውም የተንቀሳቀሰው በዜማው ልክ ነው። ክላውዲያ ካርዲናሌ የምትጫወታት ጂል ከባቡር ወርዳ የሚቀበላት ታጣለች። ቆይታ ወደ ጣቢያው ቢሮ ትገባለች፤ ካሜራው ግን ውጭ ቀርቶ በመስኮቱ ያያታል። ከዚያ ቀስ ብሎ በግድግዳው ሽቅብ ይወጣል፣ ከጣሪያው በላይ ከፍ ይላል፣ ገና እየተሠራች ያለችው ከተማ በሙሉ ትታያለች። በዚያው ቅጽበት የዘፋኟ የኤዳ ዴሎርሶ ድምፅ ወደ ላይ ይመጥቃል። ቃል የለውም፤ እንጉርጉሮ ነው። አንዲት ብቻዋን የቀረች ሴትና አንድ አዲስ አገር በአንድ ዜማ ይገናኛሉ።

የፊልሙ መክፈቻ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው። ሦስት ገዳዮች በረሃ መካከል ባለ ጣቢያ ባቡር ይጠብቃሉ፤ ለረጅም ደቂቃዎች ሙዚቃ የለም። የንፋስ ወፍጮ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ውሃ ባርኔጣ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ዝንብ ስትጮህ ብቻ ይሰማል። ሞሪኮኔ እነዚህን ድምፆች ራሳቸውን እንደ ሙዚቃ ይቆጥራቸው ነበር። ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ ከሐዲዱ ማዶ አንድ ሰው ቆሟል፤ ከሱ በፊት የምንሰማው ሃርሞኒካውን ነው።

ቀጥሎ ያለው የፊልሙን ምስጢር ስለሚያወጣ፣ ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ይህን አንቀጽ ይለፈው። ቻርልስ ብሮንሰን የሚጫወተው ይህ ሰው ስም የለውም፤ ሰዎች በመሣሪያው «ሃርሞኒካ» ይሉታል። አጨዋወቱ ዜማ አይመስልም፤ ትንፋሽ ያጠረው፣ የታነቀ ሰው ጣር ይመስላል። ተመልካች መጀመሪያ ላይ ለምን እንዲህ ይነፋል ብሎ ይገረማል። መልሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውዬው ልጅ ሳለ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ገዳይ ፍራንክ የልጁን ታላቅ ወንድም አንገቱን በገመድ አስሮ በልጁ ትከሻ ላይ አቁሞት፣ ሃርሞኒካ በልጁ አፍ ውስጥ ከተተ። ልጁ ሲደክመውና ሲወድቅ ወንድሙ ይሰቀላል። ያ ድምፅ እንግዲህ ልጁ በዚያች ደቂቃ የተነፈሰው ትንፋሽ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲነገረን ቆይቷል፤ ጆሯችን ሰምቶታል፣ ያልገባን እኛ ነን። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ የአንድን ሙሉ ታሪክ ቁልፍ እንዲህ ሲሸከም በሌላ ፊልም አላየሁም።

ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው ሆሊውድ አልኖረም። ዕድሜውን በሮም አሳለፈ፤ እንግሊዝኛም አልተናገረም። የሚጽፈው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በጠረጴዛ፣ በእርሳስ ነበር። ብዙ የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ዜማውን ጽፈው ለኦርኬስትራ ማከፋፈሉን ለሌላ ሰው ሲተዉ፣ እሱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። የካውቦይ ፊልም ደራሲ ብቻ ተብሎ ሲጠራም ቅር ይለው ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ከሥራዎቹ የካውቦይ የሆኑት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም። «የአልጀርስ ውጊያ»ም «ሲኒማ ፓራዲሶ»ም ውስጥ እጁ አለ።

በ1986 የወጣውን «ሚሽን» ደግሞ በተለይ አዳምጡት። ታሪኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በጓራኒ ሕዝብ መካከል ስለኖሩ ሚስዮናውያን ነው። አንድ ቄስ ከአንድ ትልቅ ፏፏቴ በላይ ባለው ጫካ ብቻውን ተቀምጦ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል፤ ቀስትና ጦር የያዙ ሰዎች ከዛፎቹ መካከል ወጥተው ይከቡታል። ሞሪኮኔ ለፊልሙ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ጻፈ፦ የአውሮፓን የኦቦ ዜማ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የአገሬውን ሰዎች ምት ያለበት ዝማሬ። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ቆይቶ ግን ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ አንዱም ሌላውን አይውጠውም። በታሪክ ውስጥ ሳይሳካ የቀረው አብሮ መኖር በሙዚቃው ውስጥ ተሳክቷል። የዚያ ዓመት ኦስካር ለሌላ ፊልም ሲሰጥ ሞሪኮኔ ማዘኑን አልደበቀም፤ በእኔም አስተያየት ፍርዱ ስህተት ነበር።

ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2007 ለሕይወት ዘመን ሥራው የክብር ኦስካር ሰጠው። ሽልማቱን ያበረከተለት፣ የጣሊያንኛ ንግግሩንም የተረጎመለት፣ በሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞች በዚያ ፉጨት ታጅቦ ዝነኛ የሆነው ተዋናይ ክሊንት ኢስትዉድ ነበር። በውድድር ያገኘው ኦስካር የመጣው ግን በ2016፣ በ87 ዓመቱ፣ «ዘ ሄትፉል ኤይት» ለተባለው ፊልም በጻፈው ሙዚቃ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ለባለቤቱ ለማሪያ ነበር ያበረከተው። ጁላይ 6 ቀን 2020 በ91 ዓመቱ አረፈ። የሞቱን ማስታወቂያ ራሱ አስቀድሞ ጽፎት ነበር፤ ወዳጆቹን፣ እህቶቹን፣ ልጆቹን እየጠራ ይሰናበትና የመጨረሻውን፣ ከሁሉ የከበደውን ስንብት ለማሪያ ያደርገዋል።

ይህን ሰው ለማወቅ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «በአንድ ወቅት በምዕራብ»ን ፈልጉና ጂል ከባቡር የምትወርድበትን ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። አንዲት ሴት ትጠብቃለች፣ ቢሮ ትገባለች፣ ካሜራው ጣሪያ ይወጣል፤ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ድምፁን ክፈቱና እንደገና ከመጀመሪያው እዩት።