ወተቱ ወደቀ የሚለው ማን ነው?

የወተት አምራቾችና የገዢዎች ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሊትር ዋጋ ላይ ያርፋል። ፉርሽካና ፋጉሎ አልቀመስ ብሏል፣ ክፍያው ግን አልተከተለውም ይባላል። እውነት ነው። ከዋጋው በፊት ግን ወተቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ የሚፈርድ ሰው አለ፤ እሱም የገዢው ሠራተኛ ነው።

ከሱሉልታ እስከ ፍቼ ባለው መንገድ ጠዋት ጠዋት ወተት ሲረከቡ ልብ ብላችሁ እዩ። ሠራተኛው ላክቶሜትር የሚባለውን የወተት መለኪያ ወተቱ ውስጥ ይከታል፤ ንባቡ ዝቅ ካለ ውሃ ገብቶበታል ይባላል። ጥቂቱን ከአልኮል ጋር ይቀላቅላል፤ ከረጋ ይመለሳል። ምርመራዎቹ አስፈላጊ ናቸው፤ ግን ይሳሳታሉ። አሁን የታለበ ወተት ሙቀቱ ሳይወጣለት፣ አረፋው ሳይጠፋ ከተለካ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ ካልታሰበለት ጠብታ ውሃ ያልጨመረችው ሴት በአጭበርባሪነት ትመለሳለች። ቅባቱን ገፎ ውሃ የጨመረው ግን ሊያልፍ ይችላል፤ ቅባት ሲገፈፍ ንባቡ ከፍ፣ ውሃ ሲገባ ዝቅ ስለሚል ሁለቱ ይጣፋሉ። አልኮሉም የሚያረጋው የኮመጠጠውን ብቻ አይደለም፤ ጡቷ የታመመ ወይም ልትነጥፍ የተቃረበች ላም ወተትም ሊረጋ ይችላል።

ወተት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ሌላ ገበያ አይጠብቅም። ስለዚህ የዚያች ደቂቃ ፍርድ ይግባኝ የለውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፈላጊው ሲቀንስ፣ በፍስክ ያልፍ የነበረው ወተት መመለስ ይጀምራል ብለው አምራቾች ያማርራሉ። እኔ አምናቸዋለሁ፤ ገዢው ውሉን ሳያፈርስ ግዢውን የሚቀንስበት ቀላሉ በር ይኸው ነውና። የተመለሰው ከፊሉ ቅቤና አይብ ይሆናል፤ ሌላው ምንም ሳይመረመር ለሻይ ቤትና ለሰፈር ደንበኛ ይሸጣል። የጥራት ቁጥጥር ያልነው ነገር ያልተመረመረ ወተት ለልጆቻችን ያደርሳል ማለት ነው።

የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አምራችና ገዢ በውል የሚተሳሰሩበትን መንገድ አበጅቷል። ደግ ነው። ነገር ግን «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን ገዢው ብቻውን እስከተረጎመው ድረስ ፊርማው አንዱን ወገን ብቻ ያስራል። በየመረከቢያው ቴርሞሜትር ይኑር፤ ንባቡ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ወተቱ የተመለሰበት ሰው ናሙናው በገለልተኛ ባለሙያ እንዲታይለት የመጠየቅ መብቱ በውሉ ይስፈር። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለድርድር ሲቀመጡ ከሊትሩ ዋጋ አስቀድመው ይህን ይጠይቁ።