ስክሪኑ ሲጠብ ጥይቱ ይፈጥናል

የኮናሚን የተኩስ ጌም «ኮንትራ» በኮንሶልና በእጅ በሚያዝ ጌም የሚያወዳድር ሁሉ መዝሙሩ አንድ ነው፤ ትንሹ መሣሪያ አቅም ስላነሰው ጨዋታው ተቀናንሶ ቀረበ ይላል። ስንፍና የወለደው ማብራሪያ! እስቲ ቁጥሩን እንየው። የኒንቴንዶ ኮንሶል የሆነው የኤንኢኤስ ምስል አግድሙ 256 ፒክስል ነው፤ በእጅ የሚያዘው የጌም ቦይ 160። ጀግናው መሀል ላይ ቢቆም ከጠርዝ የተተኮሰ ጥይት በመጀመሪያው 128፣ በሁለተኛው 80 ፒክስል ተጉዞ ያገኘዋል። የጥይቱ ፍጥነት ካልተቀየረ፣ ለመዝለል ወይም ለመተኛት ያለው ጊዜ ከሲሶ በላይ ተቆረጠ ማለት ነው። አቅም ከተነሣማ፣ በአንድ መስመር ላይ ጌም ቦይ 10 ተንቀሳቃሽ ምስሎች ሲያሳይ ኤንኢኤስ ከ8 አያልፍም።

የሰፈር ኳስ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሃያ ሁለት ሰው አይሰለፍም፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፣ በረኛ ይቀራል፣ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም፣ አጥሩም ኳስ አቀባይ ይሆናል። «ኦፕሬሽን ሲ» የተባለው የ1991ዱ ኮንትራ በጌም ቦይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ተጫዋች ቀረ፤ እሱ በረኛው ነው እንበል። ተራው ጠመንጃ ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ሳያቋርጥ ይተኩሳል። ጠላትን ራሱ አሳዶ የሚመታ ጥይትም ተጨመረ፤ ይህ ደግሞ አጥሩ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ስክሪኑ ሲሰፋ ችግሩ ይፈታላ?» የሚል አይጠፋም። ከሱፐር ኒንቴንዶ ኮንሶል ተወስዶ በ2002 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው ኮንትራ «ኤሊየን ዋርስ ኢኤክስ» አግድሙ 240 ፒክስል ነው፤ ከሱፐር ኒንቴንዶው 256 ብዙም አይርቅም። ቁመቱ ግን ከ224 ወደ 160 ወርዷል። ከአናት ላይ የሚታዩት ሁለቱ ደረጃዎችም ወጥተው «ሀርድ ኮር» ከተባለው ጌም በተወሰዱ ተተክተዋል። ለነዚያ ደረጃዎች የሚያስፈልገውን ምስል ማሽከርከር መሣሪያው ይችላልና የአቅም ሰበብ እዚህም አያዋጣም። በ2007 «ኮንትራ 4» የኒንቴንዶ ዲኤስን ሁለት ስክሪኖች ደራርቦ ቁመቱን መለሰ፤ ሽቅብ የሚጎትት መንጠቆም ሰጠ። በስክሪኖቹ መሀል ያለው ክፍተት ግን ጥይት ይደብቃል። ቦታ ሲገኝም ደረጃው ለዚያው ስክሪን ካልተነደፈ ትርፉ ሌላ ጣጣ ነው።

የቀረው ተቃውሞ «ኦሪጅናሉን ካልመሰለ ኮንትራ አይባልም» የሚለው ነው። ኦሪጅናሉ የቱ ነው? የ1987ቱ የአርኬድ ኮንትራ ስክሪኑ ወደ ላይ የቆመ ነበር፤ በ1988 ለኤንኢኤስ ሲመጣ ለአግድም ቴሌቪዥን እንደገና ተነደፈ። የእጅ ጌሞች የሚለኩበት «ትክክለኛው ኮንትራ» ራሱ ለስክሪኑ ሲባል የተለወጠ ነው። «ኦፕሬሽን ሲ»ን በዚህ ሰበብ የሚጥል ሰው የኤንኢኤሱንም አብሮ መጣል ይኖርበታል።