ላፕቶፓችሁን ወደ ሊኑክስ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የዊንዶውስ ፕሮግራሞቻችሁና ዕቃዎቻችሁ ምን ይሆናሉ?



ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት ወይም የፍላሽ ቫይረስ ያስመረረው ተማሪ ወደ ሊኑክስ ልዙር ሲል ቀድሞ የሚጠይቀው «ፕሮቲየስስ? አውቶካድስ? ፕሪንተሬስ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ፕሮግራም ሌላ፣ ዕቃ ሌላ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ያየ ሰው አንዱ ሲሠራለት ሌላውም ይሠራል ብሎ ዊንዶውሱን ያጠፋና ፕሮጀክቱ መሃል ላይ ይቆማል።

በፕሮግራሙ እንጀምር። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በቀጥታ የማይከፈተው ፕሮሰሰሩ ስለማይገባው አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ፋይል ሲከፍት፣ መስኮት ሲስል፣ ከኪቦርድ ፊደል ሲቀበል ሁሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠይቀው በዊንዶውስ ቋንቋ ነው። ዋይን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የሚገባው እዚህ መሃል ነው። ደርስ ላይ ኡስታዝ የዐረብኛውን ኪታብ እያነበበ እዚያው በአማርኛ ሲፈታው አስቡት። ከኪታቡ አንድ ፊደል አይቀየርም፤ ተማሪው ግን ይረዳል። ዋይንም የፕሮግራሙን ፋይል ሳይነካ እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ሊኑክስ እየፈታ ያቀብላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2008 ነው። የሚፈታው ቋንቋ ሰፊ ነው፤ የዊንዶውስ የውስጥ አሠራርም ለሰው ክፍት አይደለም።

ስለዚህ ያልተፈታ ቃል ሲገጥመው ፕሮግራሙ ይዘጋል ወይም ግማሹ ብቻ ይሠራል። ትንንሽና ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግሩም። አዳዲስ የአውቶካድና የሶሊድወርክስ እትሞችን ግን በዋይን እሠራለሁ ብላችሁ አትመኑ። የዋይን ፕሮጀክት አፕዲቢ የሚባል መዝገብ አለው፤ እዚያ ፕሮግራሞች ከፕላቲነም እስከ ጋርቤጅ ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ስታዩ የእትሙን ቁጥር አብራችሁ እዩ፤ አንዱ እትም ሲሠራ ቀጣዩ ላይሠራ ይችላል። ከዚያም በፊት ግን ለሊኑክስ የተዘጋጀ እትም እንዳለው አረጋግጡ። ማትላብ አለው፣ አርዱይኖ አለው፣ የሰርኪት ቦርድ መንደፊያው ኪካድም አለው። ለእነዚህ ዋይን ምን ያደርጋል?

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዋይን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ቫይረስም ሊፈታ ይችላል። ዋይን ውስጥ ዜድ የሚባለው ድራይቭ የሊኑክሱን ዲስክ ያሳያል፤ ስለዚህ በዋይን የከፈታችሁት ቫይረስ ያለበት ክራክ የራሳችሁን ፋይሎች ማግኘት ይችላል። «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ዕቃው። ፕሪንተር፣ ዋይፋይ ካርድ ወይም የአርዱይኖ ቦርድ የሚናገረው ከድራይቨር ጋር ነው፤ ድራይቨር ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ነው። ዋይን ከከርነሉ ውጭ ያለ ተርጓሚ ስለሆነ የዊንዶውስ ድራይቨር ይዞ እዚያ ሊያስገባ አይችልም። ከፕሪንተሩ ጋር በሲዲ የመጣውን ሴታፕ በዋይን መጫን ትርፉ ድካም ነው። ቀድሞ ኤንዲአይኤስራፐር የሚባል፣ የዊንዶውስ የዋይፋይ ድራይቨርን ሊኑክስ ውስጥ የሚያስኬድ ዘዴ ነበር፤ ዛሬ ግን ዞር ብላችሁ ልታዩት አይገባም፤ አብዛኛው ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ርካሽ አርዱይኖዎች ላይ ያለውን ሲኤች340 ቺፕ ውሰዱ። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ፈልጋችሁ ትጭኑለታላችሁ፤ ሊኑክስ ላይ ሰክታችሁ ያገኛችኋል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ የተበላሸ ነገር የለም፤ ስማችሁን ዲያልአውት የተባለው ግሩፕ ውስጥ አስገብታችሁ ውጡና እንደገና ግቡ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ቦርዱ ብቅ ብሎ ከጠፋ ደግሞ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግለው ቢአርኤልቲቲዋይ የራሱ ዕቃ መስሎት ይዞት ነው፤ ብሬይል የማትጠቀሙ ከሆነ አጥፉት። ድራይቨሩ በሊኑክስ በኩል ከተስተካከለ ዋይን ፖርቱን ኮም የሚል ስም ሰጥቶ ለዊንዶውሱ ፕሮግራም ያቀርብለታል። ዕቃውን ሊኑክስ፣ ፕሮግራሙን ዋይን ይይዛሉ ማለት ነው።

ዋይፋይ ላይ አንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ለብቻ የሚወርድ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል! መፍትሔው ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን ማጋራት ነው። ከፕሪንተር የኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘሮች ግን ካኖን ለሊኑክስ ያወጣውን ድራይቨር ማውረድ ይጠይቃሉ።

የዊንዶውስ ድራይቨር ብቻ ያለው ዕቃ ካላችሁ ቨርቹዋልቦክስ አለ። ሊኑክሱ ውስጥ እውነተኛ ዊንዶውስ ትጭናላችሁ፤ የዩኤስቢ ዕቃውንም ለእሱ አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን አረጋግጡ። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ ግን አንድ ምግብ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ሁለቱም አይጠግቡም። ከባድ የሦስት ዳይሜንሽን ሥራም እዚያ ውስጥ አይመከርም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ሊኑክሱን ጎኑ መጫን ይሻላል። ቀድማችሁ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ቢትሎከር ካለ ቁልፉን ያዙ፣ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ። ይሄ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ያንን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑ በ«ትራይ ኡቡንቱ» አስነሡት። ዋይፋዩ ያያል? ድምፅ አለ? ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ያወጣል? ቦርዱን ሰክታችሁ እዩት። ዲፌንስ የደረሰባችሁ ግን ለአሁኑ እዚህ ላይ ቁሙ፤ መጫኑ ከዲፌንሱ በኋላ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።