ያገለገለ መኪና ስትገዙ፦ አዲስ ሪሞት ከማስገባታችሁ በፊት የድሮዎቹን አስወጡ

የትምህርት ዘመን ሲጀመር ከማኅበራችን አባላት ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ያገለገለ መኪና ገዛሁ፤ የሰጡኝ ግን አንድ ሪሞት ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንዴት ላሠራ?» መልሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሌላው ሪሞት አሁን ማን እጅ ነው?

አዲስ መኪና ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ አለው። ከሁለት ሦስት ባለቤት በኋላ እኛ ዘንድ ሲደርስ «አንዱ ጠፍቷል» ይባላል። ከሰው እጅ ጠፋ ማለት ግን መኪናው ረሳው ማለት አይደለም። ያንን ሪሞት የያዘ ሰው ዛሬም ቢጫነው በሩ ይከፈትለታል። ላፕቶፑን ትራንክ ውስጥ ትቶ ፈተና ለሚገባ ተማሪ፣ ወይም ማታ ማታ ምግብ እያደረሰ ለሚሠራ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሪሞት ፕሮግራም ማድረግ ስንል አዲስ መጨመር ብቻ ሳይሆን የማናውቃቸውን ማስወጣትም ጭምር ነው።

ሪሞቱ ሌላ፣ ቺፑ ሌላ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ እንነሣ። በአንድ ቁልፍ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሪሞት በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የሬዲዮ ማሠራጫ ነው። ሞተሩ እንዲነሣ የሚፈቅደው ደግሞ ቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረው ቺፕ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም፤ ቁልፉ ሲከተት በመክተቻው ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ኃይል አግኝቶ ማንነቱን ለመኪናው ያሳውቃል። መኪናው ካላወቀው ሞተሩ አይሠራም። ይህ መከላከያ ኢሞቢላይዘር ይባላል።

ቁልፍ አዙረን በምናስነሣቸው ብዙ መኪኖች ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚመዘገቡት። በሩን የሚከፍት ነገር ግን ሞተር የማያስነሣ ቁልፍ የሚያጋጥመውም በዚህ ምክንያት ነው። ኢሞቢላይዘር በካናዳ ከ2007 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ግን አስገዳጅ የፌደራል ሕግ የለም። ቁልፍ አዙረው የሚያስነሧቸው ብዙ የሂዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች እስከ 2021 ድረስ ያለ እሱ ተሽጠዋል። ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው እንዳለው ጠይቁ።

ሪሞቱ በተጫናችሁት ቁጥር የሚልከው ኮድ ይለዋወጣል። ሪሞቱም መኪናውም እኩል እየቆጠሩ ስለሚሄዱ ትናንት የተላከውን ኮድ የቀዳ ሰው ዛሬ በዚያው በሩን ሊከፍት አይችልም። ፕሮግራም ማድረግ ማለት መኪናው የአዲሱን ሪሞት መለያ ቁጥርና ቆጠራው የደረሰበትን መዝግቦ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

ሪሞት ከመግዛታችሁ በፊት

በእጃችሁ ያለው ሪሞት አልሠራም ካለ በመጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ወይም የእሱ ታናሽ ነው፤ ከማንኛውም መድኃኒት መሸጫ ይገኛል።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ መልኩን አይታችሁ አትግዙ። ከጀርባው የተጻፈው ኤፍሲሲ አይዲ የሚባለው መለያ ከመኪናችሁ ሪሞት ጋር አንድ መሆን አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ብዙዎቹ በ315 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ በአውሮፓ የተለመደው 433.92 ነው። አውሮፓ ያለ ዘመድ «የአንተን መኪና ሪሞት በርካሽ አገኘሁ» ቢላችሁ፣ ቁርጥ የእናንተን ቢመስልም ላይግባቡ ይችላሉ። በአዝራር ለሚነሡ መኪኖች ደግሞ ያገለገለ ሪሞት አልመክርም፤ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ከአንድ መኪና ጋር ከተያያዙ ሌላ መኪና አይቀበላቸውም።

ራሳችሁ የምትሠሩት

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ የሆንዳ መኪኖች ሪሞት ያለ ምንም መሣሪያ ይመዘገባል። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አመሳክሩ እንጂ መንገዱ ይህ ነው፦

1. በሮቹን ዝጉና ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ አዙሩ፤ ሞተሩን አታስነሡ።
2. ወዲያው የሪሞቱን መቆለፊያ ተጫኑ፤ ከዚያ ቁልፉን ወደ ማጥፊያው መልሱ። በየእርምጃው መካከል ከአራት ሰከንድ በላይ አትቆዩ።
3. ይህንኑ ሁለት ጊዜ ድገሙ።
4. ለአራተኛ ጊዜ አብሩና መቆለፊያውን ተጫኑ። የበሮቹ መቆለፊያ ቀጭ ካለ መኪናው ለመመዝገብ ተዘጋጅቷል።
5. በአሥር ሰከንድ ውስጥ ያሏችሁን ሪሞቶች በሙሉ አንድ በአንድ ተጫኑ። ለእያንዳንዱ በሮቹ ቀጭ ይላሉ። ሲያልቅ አጥፉና ቁልፉን አውጡ።

ዋናው ቁም ነገር አምስተኛው ላይ ነው። መኪናው በዚህ መንገድ አዲስ ሲመዘግብ የድሮዎቹን ይሰርዛል። ስለዚህ አሮጌውንም አዲሱንም አንድ ላይ አስገቡ። አዲስ ሪሞት ባትገዙ እንኳ ያላችሁን አንዱን እንደገና ብትመዘግቡ የጠፋው ሪሞት ከዚያ በኋላ በር አይከፍትም። ወጪው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ወደ ቁልፍ ሠሪ ስትሄዱ

አዳዲሶቹ መኪኖች ከመሪው በታች ባለው የኦቢዲ መሰኪያ በኩል በኮምፒውተር ነው የሚመዘገቡት። ዲለር ብቻ ሳይሆን ያላችሁበት ድረስ የሚመጣ ቁልፍ ሠሪም ይሠራዋል፤ ከሁለቱም ዋጋ ጠይቁ። መንጃ ፈቃዳችሁንና የመኪናውን ምዝገባ ያዙ። ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉም አምጡ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ሁሉንም አጥፋና እነዚህን ብቻ አስገባ» በሉት። ይህን ካላላችሁ አዲሱን ጨምሮ ሊሄድ ይችላል፤ የጠፋውም እንደተመዘገበ ይቀራል።

ሁለተኛ ቁልፍ የማሠራቱን ጉዳይ «በኋላ» አትበሉ። በብዙ የፎርድ ሞዴሎች ለምሳሌ ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች ያሉት ሰው ሦስተኛውን ቺፕ ራሱ ማስመዝገብ ይችላል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ባለሙያ ያስፈልገዋል። አንዱም ከጠፋ ደግሞ መኪናውን የሚጎትት መጥራት ሁሉ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የጎደለ ቁልፍ ገና ስትገዙ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ነገር ነው፤ ሻጩን ሳትፈሩ ተከራከሩ።

ሁለት ነገሮች ግን በፕሮግራም አይጠፉም። አንደኛው ብረቱ ነው፤ የድሮው ቁልፍ በሩን በእጅ መክፈቱን አይተውም፤ ስጋት ካለ የበሩ መቆለፊያ ራሱ ይቀየራል። ሁለተኛው የስልክ መተግበሪያ ነው። መኪናው በስልክ የሚከፈት ወይም የሚነሣ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት እንዳልተያያዘ አረጋግጡ። የሚመቸው ጊዜ ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ ነው፤ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን አውጥቶ መኪናውን ከአካውንቱ እንዲሰርዝ ጠይቁት።