ሴንተር 6፣ ሃርቫርድ 0

ኦክቶበር 29 ቀን 1921 (እ.ኤ.አ.) ከ40 ሺህ በላይ ሰው ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚገኘውን የሃርቫርድ ስታዲየም ሞላው። ሃርቫርድ ከ1919 የውድድር ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በ25 ተከታታይ ጨዋታዎች ሽንፈት አልቀመሰም። የዕለቱ እንግዳ ሴንተር ኮሌጅ ደግሞ ዳንቪል ከምትባል ትንሽ የኬንታኪ ከተማ የመጣ፣ ተማሪዎቹ ቢቆጠሩ 300 ገደማ የሚሆኑ ተቋም ነበር። ጨዋታው ሲያበቃ ሴንተር 6 ለ 0 አሸነፈ።

ጋዜጦች ተአምር አሉት። የሴንተርን ጉዞ ከሥሩ ለሚከታተል ሰው ግን ድሉ ለዓመታት የተለፋበት ነው፤ ዕድል ነው ብሎ ማለፍ የልጆቹን ድካም መካድ ይሆናል።

ስፖርቱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። በየወገኑ 11 ሆነው ሞላላ ኳስ እየተሸከሙ፣ እየወረወሩና እየተጋፉ ወደ ተጋጣሚ ክልል ይገሰግሳሉ፤ በአራት ሙከራ 10 ያርድ መግፋት ያቃተው ቡድን ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ሲበዛ አደገኛ ስለነበር በ1905 ተጫዋቾች ሜዳ ላይ እየሞቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ ጣልቃ ገብተዋል፤ በ1906 ኳስን ወደፊት መወርወር የተፈቀደውም ከዚያ በኋላ ነው። ለሴንተር ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመው የተቀያሪ ሕጉ ነበር። ከሜዳ የወጣ እንደልቡ ተመልሶ መግባት ስለማይችል፣ ሲያጠቃ የነበረው ተጫዋች ያው ራሱ ይከላከላል። ስለዚህ ትንሽ ኮሌጅም ቢሆን ጠንካራ ልጆች ለቅሞ አንድ ሙሉ ቡድን ከሠራ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ካሉት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊተናነቅ ይችላል።

ልጆቹ የተገኙት ቴክሳስ ነው። ቺፍ በሚል ቅጽል የሚታወቁት ሮበርት ማየርስ የሴንተር ምሩቅ ሲሆኑ በፎርት ዎርዝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሠለጥኑ ነበር። ወደ ቀድሞ ኮሌጃቸው ሲመለሱ ያሠለጠኗቸውን ልጆች አስከትለው መጡ። ከመካከላቸው ቦ ማክሚሊንና ሬድ ዊቨር ኮሌጅ ለመግባት የትምህርት ውጤታቸው ስላልበቃ በቅድሚያ ኬንታኪ ውስጥ በሶመርሴት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማር ነበረባቸው። እንዲህ ተጫዋች ከሩቅ እየመለመሉ ማምጣት በጊዜውም ያነጋግር ነበር፤ ቡድኑ የሰፈር ልጆች ስብስብ አልነበረም፣ ነበር ማለትም አያስፈልግም።

ማየርስ በ1917 ቡድኑን ራሳቸው ይዘው ጀመሩ፤ የተሻለ አሠልጣኝ ሲያገኙ ግን ቦታውን ለቀቁላቸው። እኚህ ሰው ቻርሊ ሞራን ናቸው፤ በበጋ በከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ዳኛ፣ በመጸው የፉትቦል አሠልጣኝ። ለውጡ ፈጥኖ ታየ። ሴንተር በ1916 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ 68 ለ 0 ተረትቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ማክሚሊን መትቶ ባስቆጠረው ኳስ 3 ለ 0 አሸነፈ። በ1919 አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም፤ ማክሚሊንና ዊቨር በታዋቂው ዋልተር ካምፕ የአገሪቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካተቱ። ከጨዋታ በፊት ተሰብስበው ስለሚጸልዩም “ጸሎተኞቹ ኮሎኔሎች” የሚል ስም ወጣላቸው።

የሃርቫርድ ግብዣ የደረሳቸው በዚህ ዝና ነው። በ1920 እረፍት እስኪወጡ 14 ለ 14 ቢተናነቁም በመጨረሻ 31 ለ 14 ተሸነፉ። የሃርቫርድ አምበል የጨዋታውን ኳስ ለማስታወሻ ሊሰጠው ሲል ማክሚሊን “በሚቀጥለው ዓመት አሸንፈን እንወስደዋለን” ብሎ እንደመለሰ ይተረካል።

በ1921 የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ከእረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ማክሚሊን ኳሱን ይዞ 32 ያርድ ሮጠ፤ አቅጣጫ እየቀያየረ የሃርቫርድን ተከላካዮች አልፎ መስመሩን ረገጠ። ከዚያ በኋላ በእግር ምት የምትሞከረው ተጨማሪ ነጥብ ግን አልተገኘችም። ከዚያ በኋላ የቀረው ረጅም ጊዜ የመከላከል ትግል ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሩጫው ይልቅ ያ ትግል የበለጠ ሊወደስ ይገባል፤ ሳይቀየሩ የደከሙ እግሮች ያን ያህል ደቂቃ በር ዘግተው ቆይተዋልና። ዳንቪል በደስታ ሰከረች፤ ውጤቱ በኬሚስትሪ ቀመር አጻጻፍ፣ ሲ6ኤች0 ተብሎ በየግድግዳው ተቀባ። የኬንታኪ ገዥ ኤድዊን ሞሮው በዚያች ሰዓት ከገዥነት ይልቅ ቦ ማክሚሊንን መሆን እንደሚመርጡ ተናገሩ።

ሴንተር በዚያ አልቆመም። ኬንታኪን 55 ለ 0፣ ኦበርንን 21 ለ 0 ረታ፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን የተቆጠረበት 6 ነጥብ ብቻ ነው። በገና ሰሞን ሳንዲዬጎ ሄዶ አሪዞናን 38 ለ 0 አሸነፈ።

ሽንፈቱ የመጣው በዳላስ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1922 ነው። ተጋጣሚው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ሞራን ከ1909 እስከ 1914 ያሠለጠኑት ቡድን ነበር። ማክሚሊን በዚያው ዕለት ጠዋት አግብቶ ነው ሜዳ የገባው። ኤ ኤንድ ኤም ብዙ ተጫዋቾች ስለተጎዱበት ኪንግ ጊል የተባለውን ተማሪ ከተመልካች መካከል ጠርቶ መለያ አለበሰው። ጊል ለመግባት ተዘጋጅቶ እንደቆመ ዕድሉን ሳያገኝ ቡድኑ 22 ለ 14 አሸነፈ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “12ኛው ሰው” ነን ብለው እስከዛሬ ጨዋታን ቆመው የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ማክሚሊን በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1945 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የቢግ ቴን ሊግ ሻምፒዮን አደረገ፤ ከዚያም ዲትሮይት ላየንስ የተባለውን የፕሮፌሽናል ቡድን መራ። ኮሌጁ ግን ያን ከፍታ ዳግም አላገኘውም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተቀያሪ ሕጉ እየላላ ሲመጣ ለማጥቃት አንድ፣ ለመከላከል ሌላ ቡድን የሚያሰልፉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የበላይነቱን ያዙ። ሴንተር ዛሬ የሚጫወተው ለስፖርተኞች የነፃ ትምህርት ዕድል በማይሰጥበት ሦስተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ነው።