በካታሎግ ወጣ፤ ከፋብሪካ ግን አልወጣም

በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ገበያ አንድ ቃል ዋጋን በመቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቃሉ «ኦርጅናል» የሚለው ነው። በመልክ፣ በቀለምና በምርት ዘመን አንድ ከሆኑ ሁለት መኪኖች መካከል፣ አንደኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ልዩ ሞተር እንደነበረው ከተረጋገጠ የሌላኛውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። «ፋብሪካው ከዚህ ዓይነቱ ሁለት ሦስት ሠርቶ ነበር» የሚል ወሬ በየጊዜው የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወሬው እውነት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ተረት ሆኖ የቀረበትም እንዲሁ። ለመሆኑ ሁለቱ የሚለዩት በምን ነው?

ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው «መስል ካር» የሚባሉትን፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ መኪኖች አነስተኛ ወይም መካከለኛ ቦዲ ላይ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተጫነባቸው ናቸው። ገዢው ወኪል ሻጩ ዘንድ ሄዶ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ቀለሙንና ወንበሩን ከዝርዝር እየመረጠ ያዝ ነበር። ስለዚህ አንድ ሞዴል ብዙ ዓይነት ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣ ነበር።

ወሬው እውነት ሲሆን

ጄኔራል ሞተርስ በዚያን ዘመን በመካከለኛና በአነስተኛ መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች (6.6 ሊትር ገደማ) የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ይሁንና የሼቭሮሌ ክፍሉ ለታክሲ፣ ለፖሊስና ለመሳሰሉት የጅምላ ገዢዎች የሚያገለግል «ኮፖ» የተባለ የልዩ ትእዛዝ አሠራር ነበረው። በኢሊኖይ ግዛት ላ ሃርፕ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ወኪል ሻጭ ፍሬድ ጊብ በዚህ በር ገባ። ለ1969 ሞዴል፣ 427 ኪዩቢክ ኢንች (7 ሊትር) የሆነውና ባዛሜንቶውም ቴስታታውም ከአሉሚኒየም የተሠራው «ዜድ ኤል 1» ሞተር የተገጠመላቸው 50 ካማሮዎች አዘዘ። ቁጥሩ 50 የሆነው የድራግ ውድድሩ ደንብ ቢያንስ ይህን ያህል መኪና እንዲመረት ይጠይቅ ስለነበር ነው።

ሌሎች ወኪሎችም ጨምረው አዘዙና በጠቅላላው 69 ካማሮዎች ተሠሩ። የሞተሩ ዋጋ ብቻ ከ4,100 ዶላር በላይ ነበር። መኪናው በሙሉ ከ7,200 ዶላር በላይ ስላወጣ ገዢ ጠፍቶ ከጊብ መኪኖች ብዙዎቹ ወደ ኩባንያው ተመለሱ። ይህ ትእዛዝ ለሕዝብ በሚታደለው ካታሎግ ላይ አልታተመም ነበር። ካታሎጉን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው «እንዲህ ያለ ካማሮ አልተሠራም» ቢል በተሳሳተ ነበር። በዚሁ ዓመት ይኸው ሞተር የተገጠመላቸው ኮርቬቶች ሁለት ብቻ መሆናቸው የሚታወቅ ሲሆን፣ ጣሪያው የሚገለጠው በጥር 2023 በጨረታ 3.14 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ወሬው ተረት ሲሆን

የ1970 ኮርቬት ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኩባንያው 454 ኪዩቢክ ኢንች የሆነና 460 የፈረስ ጉልበት ያለው «ኤል ኤስ 7» የተባለ ሞተር ለማቅረብ አቅዶ ነበር። ሞተሩ በዓመቱ የሽያጭ ጽሑፎች ላይ ታትሞ ወጣ፤ ለሙከራ የተዘጋጀ መኪናም በጋዜጠኞች ተነዳ። ነገር ግን ሐሳቡ ተሰረዘና ሞተሩ የተገጠመለት ኮርቬት ለደንበኛ ሳይሸጥ ቀረ።

ወሬው እንዳይሞት ያደረገው ሌላ ነገር አለ። ኩባንያው ሞተሩን በመለዋወጫነት በመደብር ይሸጠው ነበር። የፈለገ ሰው ገዝቶ በራሱ ጋራዥ ይገጥመዋል። ከዓመታት በኋላ መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ሞተሩ እውነተኛ፣ ካታሎጉ እውነተኛ፣ መኪናውም እውነተኛ ነው። ሐሰቱ ያለው ሦስቱን ፋብሪካው አገናኛቸው በሚለው አባባል ላይ ነው። ካታሎግ የሚያስረዳው ኩባንያው ያሰበውን እንጂ የሠራውን አይደለም።

ዝም ያለ መዝገብና የሌለ መዝገብ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። የመስል ካር ገዢም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሚያመሳክርበት መዝገብ እንደ ፋብሪካው መለያየቱ ላይ ነው።

ለፎርድ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ የእያንዳንዱ መኪና የምርት መዝገብ ተጠብቋል። ማርቲ አውቶ ወርክስ የተባለው ድርጅት ከፎርድ ባገኘው ፈቃድ በክፍያ ይመለከታል። ለፖንቲያክ ከ1961 ጀምሮ የነበሩት የሽያጭ ሰነዶች ቅጂ በፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ ይገኛል። በክራይስለር መኪኖች ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ በ1970 እና በ1971 ሞዴሎች 5ኛው ምልክት «አር» ከሆነ መኪናው ሲሠራ 426 «ሄሚ» ሞተር ነበረው ማለት ነው። በሰኔ 2014 ሲያትል ላይ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ጣሪያው የሚገለጥ የ1971 ሄሚ ኩዳ የዚህ ወገን ነው።

አስቸጋሪው ሼቭሮሌ ነው። በአሜሪካ ለተሸጡት የዚያ ዘመን መኪኖች የእያንዳንዱን ሞተር የሚገልጽ የፋብሪካ መዝገብ ለገዢ አይገኝም፤ በካናዳ ለተሸጡት ግን የጄኔራል ሞተርስ የካናዳ ቅርንጫፍ መዝገብ አለው። የሻንሲ ቁጥሩም ቢሆን እስከ 1971 ሞዴል ድረስ ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ለ1970 ሼቬልና ኤል ካሚኖ 4,475 «ኤል ኤስ 6» ሞተሮች ተሽጠዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ጣሪያው በሚገለጥ መኪና ላይ እንደተገጠመ ግን ቁጥሩ ተለይቶ አይታይም። ባለ 450 የፈረስ ጉልበት የሆነው ይህ ሞተር በብዙ አስመሳይ መኪኖች ውስጥ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው የሚስተው ነጥብ አለ። የተሟላ መዝገብ ተገልጦ የሚፈለገው መኪና ከሌለበት፣ ዝምታው ራሱ ምስክር ነውና ወሬው እዚያው ያበቃል። መዝገቡ ከጠፋ ግን ዝምታው ለሻጩም ለተጠራጣሪውም አይመሰክርም። «አለመሠራቱን አስረዳ» የሚል ሻጭ ሸክሙን ወደ ገዢው እያዞረ ነው፤ ማስረዳት ያለበት «አለ» የሚለው ወገን ነው።

ብረቱ ሲመሰክር

መዝገብ በሌለበት የሚጠየቀው መኪናው ነው። የሼቭሮሌ ባዛሜንቶ ሲቀለጥ ቀኑ ይቀረጽበታል። ለምሳሌ በ1970 ሞዴል ሞተር ላይ «ሲ 12 0» ቢል፣ «ሲ» ሦስተኛው ፊደል በመሆኑ መጋቢት 12፣ 1970 ማለት ነው። ሞተሩ ሲገጣጠም ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመታበታል፤ «ቲ 0318 ሲ አር ቪ» የሚለው፣ በቶናዋንዳ ፋብሪካ መጋቢት 18 የተገጣጠመና ለማርሽ መኪና የተዘጋጀ ኤል ኤስ 6 መሆኑን ያሳያል። አጠገቡ የሻንሲ ቁጥሩ ከፊል ይመታል። በቦዲው ታርጋ ላይ «03 ዲ» ካለ ቦዲው የተሠራው በመጋቢት 4ኛ ሳምንት ነው።

ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ ቀለጣ፣ ቀጥሎ ግጥጠማ፣ በመጨረሻ መኪናው። በሚያዝያ የቀለጠ ብረት በመጋቢት በተሠራ መኪና ላይ ከተገኘ ሞተሩ በኋላ የመጣ ነው።

ቁጥርም ቢሆን ተፍቆ እንደገና ይመታል። ስለዚህ ክብደት የሚሰጠው ዋጋው ከመናሩ በፊት ለተጻፈ ወረቀት ነው። ሠራተኞች መኪናውን ሲገጣጥሙ ይከተሉት የነበረው ወረቀት ከነዳጅ ታንከሩ ላይ ወይም ከወንበር ሥር አንዳንዴ ይገኛል። የመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝ፣ የዋስትና ደብተርና በዘመኑ የተነሳ ፎቶግራፍም ይረዳሉ። መኪናው ተራ አሮጌ ዕቃ በነበረበት ጊዜ ለማጭበርበር የሚደክም ሰው አልነበረም።

ገዢው እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፤ ፋብሪካው የተሟላ መዝገብ አለው ወይ? ከሌለው፣ በብረቱ ላይ ያሉት ቀኖች ይስማማሉ ወይ? ከዋጋው ንረት በፊት የተጻፈ ወረቀትስ አለ? ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ «ካታሎጉ ላይ አለ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ የሚከፈለው የተራው መኪና ዋጋ ነው።