ዓይነ አፋሮቹ የግላስጎው ልጆች

በስኮትላንዷ ግላስጎው ስቶው ኮሌጅ የሚባል ተቋም ነበር። የሙዚቃ ንግድ የሚማሩ ተማሪዎቹ በየዓመቱ አንድ ጀማሪ ባንድ ይመርጡና ሥራውን አሳትመው ገበያ ላይ ያወጡ ነበር፤ ትምህርታቸውም ፈተናቸውም ይኸው ነበር። ልማዱ አንድ ነጠላ ዜማ ማሳተም ነበር። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የተመረጠው ባንድ ግን ከተቋቋመ ገና ወራት ቢሆነውም በዘፈን የሚታማ አልነበረም፤ አልበም የሚሞላ ሥራ አስቀድሞ ተከምሮለት ነበር። ስለዚህ አልበም ሆነ። ቀረጻው ሳምንት እንኳ አልፈጀም፤ የታተመውም 1,000 ሸክላ ብቻ ነው። «ታይገርሚልክ» የተባለው ይህ አልበም በ1999 ዳግመኛ እስኪታተም ድረስ አፍቃሪዎቹ በካሴት እየቀዱ ነበር የሚቀባበሉት። ከ1,000ዎቹ አንዱን ያገኘ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይጠራበታል።

ባንዱ ቤል ኤንድ ሴባስቲያን ይባላል። ስሙ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ደራሲዋ ሴሲል ኦብሪ ስለ አንድ የተራራ አገር ልጅና ስለ ትልቋ ውሻው ከጻፈችው፣ በቴሌቪዥንም ከታየው ታሪክ። ቤል ውሻዋ ናት። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ሁለት ዘፋኞች ይመስሉታል፤ መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ሰባት ስምንት ናቸው፤ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ትራምፔት ይዘው።

የሚጫወቱት ኢንዲ ፖፕ የሚባለውን ነው። ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ዞር ብለው ያላዩትን፣ ወጣቶች በራሳቸው ገንዘብ እያሳተሙ ያቆሙትን ሙዚቃ ማለት ነው። ግላስጎው በዚህ ነገር የቆየች ናት፤ ፖስትካርድ የተባለው ትንሽ አሳታሚ በ1980 ኦሬንጅ ጁስን ይዞ ብቅ ያለው እዚያው ነው። ከእንግሊዝ ደግሞ ብሪስቶል ከ1987 እስከ 1995 የሠራው ሳራ ሬከርድስ ነበራት። በዚህ መንደር ጊታሩ አይጮኽም፣ ዘፋኙም ጉልበቱን አያሳይም። ግጥሙ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ሳይነገር ስለቀረ ፍቅር ነው። ጆሮው ከጉልበተኛ ድምፅ ጋር የኖረ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው «ይኼ ልጅ ምሳ አልበላም እንዴ?» ሊል ይችላል።

የዘፈኖቹ ዋና ባለቤት ስቱዋርት መርዶክ፣ ምሳ ባይበላም በቂ ምክንያት ነበረው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሐኪሞች ኤም ኢ ወይም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚሉት በሽታ ጣለው። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሊተኛ ይችላል፤ እንቅልፉም ድካሙን አይወስድለትም። መርዶክ ሰባት ዓመት ያህል ትምህርትም ሥራም ሳይኖረው ኖረ። ዘፈን መጻፍ የጀመረውም በዚያ ጊዜ ነው። እኩዮቹ ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ ሲሄዱ በመስኮት በኩል እያየ የቀረ ሰው ስለ ሌሎች ሰዎች ብዙ ያስባል። ዘፈኖቹ ውስጥ የሚመላለሱት ባለታሪኮች፣ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ልጅ፣ በእምነትና በፍቅር መካከል የተወዛገበው ወጣት፣ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። እነዚያን ዓመታት ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2024 ባወጣው «ኖባዲስ ኢምፓየር» በተሰኘው ልብ ወለዱ ተመልሶባቸዋል።

ሲያገግም ደግሞ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠባቂ ሆነ፤ መኖሪያውም እዚያው ነበር። በእሑዱ መዘምራን መካከል ቆሞ ይዘምራል፤ በሥራ ቀን አዳራሹን ይጠርጋል፣ ስለ ወጣቶች ኃጢአትና ጭንቀትም ዘፈን ይጽፋል። በእኛ አገር ቢሆን ይህ ነገር ስንት ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር! እሱ ግን ባንዱ ስም ካወጣም በኋላ ለዓመታት ከዚያ አልለቀቀም።

ለአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማብራራት ይገባል። በእኛ ዘንድ በካሴቱ ሽፋን ጀርባ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሊት፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ዘፋኙ ድምፁን ይዞ ይመጣል፣ ባንዱም ያጅባል። ሮሃ ባንድ ስንቱን ዘፋኝ እንዳጀበ ማስታወስ ይበቃል። ኢንዲ ባንድ ዘንድ አጃቢና ታጃቢ የለም። ዘፈኑን የጻፈው ራሱ ይዘፍነዋል፤ የሚያቀናብሩትም ከጎኑ ቆመው የሚጫወቱት ናቸው። ስለዚህ ባንዱ ከባለ ድምፅ ወደ ባለ ድምፅ እየተዘዋወረ መኖር አይችልም። አዲስ ዘፈን ካልመጣ ሥራ የለም፤ ባለ ዘፈኑ ከታመመም እንዲሁ።

ቤል ኤንድ ሴባስቲያን ውስጥ መርዶክ ግጥሙንና ዜማውን ይዞ ይገባል። ጊታሪስቱ ስቲቪ ጃክሰን፣ ኪቦርዲስቱ ክሪስ ጌድስ፣ ድራመሩ ሪቻርድ ኮልበርንና ሌሎቹ በልምምድ ላይ ሥጋ ያለብሱታል። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ይህን አሠራር በጆሮው ያገኘዋል። ብዙ ዘፈን በአንድ ጊታርና በአንድ ድምፅ ይጀምርና ሌላው መሣሪያ አንድ በአንድ ይገባል፤ ትራምፔቱ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ የሹክሹክታ ያህል የነበረው ነገር የሰፈር ሰልፍ ሆኗል። እያደር ጃክሰንና ቫዮሊን ተጫዋቿ ሣራ ማርቲን የየራሳቸውን ዘፈን ማምጣት ጀመሩ። ቼሊስቷ ኢዞቤል ካምቤልም እንዲሁ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ግን ሳልደብቅ ልናገር፣ የብዙ ሰው ብዕር የገባባቸው እንደ 2000ው ያሉ አልበሞች አንድ ሰው አስቦ የጨረሳቸውን የ1996 ሁለት አልበሞች አይተካከሉም።

ሁለተኛው አልበም «ኢፍ ዩር ፊሊንግ ሲኒስተር» በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጂፕስተር በተባለ አነስተኛ አሳታሚ ወጣ። ባንዱ በዚህ ጊዜ የያዘውን ጠባይ ዛሬ በየደቂቃው ፎቶ የሚለጥፍ ሙዚቀኛ ሊያምነው አይችልም። ቃለ ምልልስ አይሰጡም ነበር። ጋዜጣ ፎቶ ሲጠይቃቸው የራሳቸውን ሳይሆን የጓደኞቻቸውን ይልካሉ። የአልበሙ ሽፋን ላይም ባንዱ የለም፤ መርዶክ ያነሣቸው የወዳጆች ፎቶዎች በአንድ ቀለም ተነክረው ይታተማሉ። በ1997 ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ዘፈን የያዙ ሸክላዎች ሲያወጡ ከአንድ ዘፈን በስተቀር ከአልበሞቻቸው ምንም አልደገሙም፤ አድማጭ አንድ ዘፈን ሁለቴ እንዲገዛ አልፈለጉም። ኮንሰርታቸውም ጥቂት ነበር፤ ቦታውም ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰፈር አዳራሽ። መሣሪያ መቃኘቱ ከዘፈኑ እኩል ጊዜ የሚወስድበት ምሽት አይጠፋም።

ዝምታው ራሱ ወሬ ሆነላቸው። በ1999 የብሪታኒያ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት፣ ብሪት፣ የዓመቱን አዲስ ባንድ በሕዝብ ድምፅ ሲያስመርጥ ሁሉም ስቴፕስ የተባለው የዳንስ ፖፕ ቡድን ያሸንፋል ብሎ ነበር። ቤል ኤንድ ሴባስቲያን አሸነፉ። የተማሪ አድናቂዎቻቸው በኢንተርኔት ተረባርበው ድምፅ እንደሰጡ ሲታወቅ ጋዜጦች «ተጭበረበረ» ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ባንዱ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ካምበር ሳንድስ ያለ የእረፍት መንደር ተከራይቶ የሦስት ቀን ፌስቲቫል አዘጋጀ። ተመልካቹም ሙዚቀኛውም በአንድ ዓይነት ትንንሽ ቤቶች አደሩ፤ ሻይ ለመጠጣት የወጣ ሰው ማታ መድረክ ላይ ያየውን ጊታሪስት ሱቅ በር ላይ ያገኘዋል። «ኦል ቱሞሮውስ ፓርቲስ» የተባለው የታወቀ ፌስቲቫል የተወለደው ከዚህ ነው።

ግን ሰባት ሰው በዝምታ አይበላም። ከሸክላ ሽያጭ የሚመጣው ገንዘብ አሳታሚው ወጪውን ካነሣ በኋላ የሚተርፍ ነው፤ የግጥምና የዜማ መብት ክፍያውም ለጻፈው ሰው እንጂ ለድራመሩ አይደርስም። በኢንተርኔት ማዳመጥ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ዘፈን አንዴ ሲደመጥ የሚከፈለው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ነው። ለባንዱ አባል ሁሉ እኩል እንጀራ የሚሆነው መድረክ ነው፤ የመግቢያ ትኬትና በር ላይ የሚሸጠው ካናቴራ። ስለዚህ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዓይነ አፋሮቹ መንገድ ገቡ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ጃፓን።

መንገዱ ዋጋ አስከፍሏል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተውና ባንዱን ከመርዶክ ጋር የጀመረው ስቱዋርት ዴቪድ በ2000 ወጣ። ካምቤል በ2002 በሰሜን አሜሪካ ጉዞ መካከል ጥላቸው ሄደች። የቀሩት ግን ጠነከሩ። በ2003 ትሬቨር ሆርን የተባለው የትልልቅ ፖፕ ሥራዎች ፕሮዲውሰር አልበም ሠራላቸው፤ በ2006 ደግሞ በሆሊውድ ቦውል ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወቱ። ተመልካች መድረክ ላይ ጠርቶ አብሮ ማስጨፈር የኮንሰርታቸው ልማድ ሆነ።

የአሜሪካ ጉዞ ውስጡ ምን እንደሚመስል የ2017ቱ ገጠመኝ ያሳያል። እዚያ ከተማ ከከተማ እጅግ ይራራቃል፤ ሆቴል ለዚህ ሁሉ ሰው ውድ ነው። ስለዚህ ባንዱ ተደራራቢ አልጋ ባለው አውቶቡስ ይተኛል፣ ሾፌሩ ሌሊቱን ይነዳል፣ ጠዋት ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ይነቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ የድምፅ ሙከራ፣ ማታ መድረክ፣ ከዚያ እንደገና አልጋ። በነሐሴ ወር አውቶቡሱ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አንድ ዋልማርት ደጃፍ ቆመ። ድራመሩ ኮልበርን ፒጃማውን እንደለበሰ ወረደ። ሌሎቹ አልጋው ላይ ያለ መስሏቸው ሄዱ። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ሲደርሱ ድራመር የለም፤ ስልኩም ከእሱ ጋር አልነበረም። መርዶክ በትዊተር፣ ድራመራችንን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስልን ሰው አለ ወይ ብሎ ለሕዝብ ጥሪ አሰማ። ኮልበርን ለኮንሰርቱ ደረሰ። ዓለም ስቆበታል፤ ስንት ሌሊት እንዲህ ቢያድሩ ነው የአንድ ሰው አልጋ ባዶ መሆኑን ሳያዩ የሚሄዱት ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

በ2020 ጸደይ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደው አልበም ሊቀርጹ ተዘጋጅተው ሳለ ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋ። ግላስጎው ያለውን የልምምድ ክፍላቸውን ወደ ስቱዲዮ ለወጡትና እዚያው ተቀመጡ፤ ከተማቸው ውስጥ ሙሉ አልበም ከሠሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ክፍል የወጣው ዘፈን አንድ አልበም አልበቃውም፤ በ2022 «ኤ ቢት ኦቭ ፕሪቪየስ»፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ «ሌት ዲቨሎፐርስ» ታተሙ።

ባንዱን አዲስ ለሚተዋወቅ ሰው ከ«ሲኒስተር» እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ግን በሁለቱም ቅጂ። መርዶክ በ1996ቱ ቀረጻ ድምፅ ደስተኛ አልነበረም፤ በመስከረም 2005 ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ውስጥ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ ተጫወቱትና ያም ታትሟል። ዘፈኖቹ አንድ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉም እንዲሁ። በመጀመሪያው ዘፋኙ ጎረቤት እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ይመስላል፤ በሁለተኛው ድራሙ ደረት ይመታል፣ ጊታሩ ጠርቷል፣ ባንዱ የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ ያውቃል። የኋለኛው በሙያ ይበልጣል። እኔ ደጋግሜ የምሰማው ግን የፊተኛውን ነው።